ኤድመንድ ከመክዳቱ በፊት ምን ሰማ?

(ለአንድ የንባብ ክበብ አባላት ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ከሃዲ ልነግራችሁ ነው። ክህደቱን ላስተባብልለት አልመጣሁም። ወንድሙን በሐሰት ወንጅሎ ከቤት አስባርሯል። አባቱን ለጠላቶቹ አሳልፎ ሰጥቷል፤ በዚህም ምክንያት አባትየው ሁለቱንም ዓይኖቹን አጥቷል። ማንንም ያልበደለች ሴት በእስር ቤት ታንቃ እንድትሞት ትእዛዝ ጽፏል። ይህን ሁሉ አውቄ ነው ጥብቅና የምቆምለት።

ሰውየው ኤድመንድ ይባላል። ሼክስፒር በ“ንጉሥ ሊር” ተውኔት ውስጥ የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ነው። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1606፣ በገና ማግስት፣ በለንደን ዋይትሆል ቤተ መንግሥት በንጉሥ ጄምስ ፊት ታይቷል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ሽማግሌው ንጉሥ ሊር መንግሥቱን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ሊያካፍል ይነሣል። ሁለቱ ታላላቆች፣ ጎነሪልና ሬገን፣ በሽንገላ ያንበሸብሹታል። ትንሿ ኮርዴሊያ አልሸነግልም በማለቷ ያለ ድርሻ ትባረራለች። ከዚህ ጎን ለጎን የግሎስተር መስፍን ቤት አለ። ግሎስተር ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ኤድጋር ከሕጋዊ ሚስቱ፣ ኤድመንድ ከጋብቻ ውጭ። የእኔ ጉዳይ ከዚህኛው ቤት ነው።

ብዙ ሰው ተውኔቱ የሚጀምረው ንጉሡ ካርታ ዘርግቶ አገር ሲያካፍል ይመስለዋል። ከዚያ በፊት ግን 30 ያህል መስመር አለ። ግሎስተር ከወዳጁ ከኬንት ጋር ቆሞ ያወራል፤ ኤድመንድ አጠገባቸው ነው። ኬንት ወደ ወጣቱ እያየ “ልጅህ አይደለም እንዴ?” ይለዋል። ግሎስተር ሲመልስ፣ ያሳደግሁት በእኔ ወጪ ነው፣ ልጄ ነው ለማለት ስንት ጊዜ ፊቴ ቀልቷል፣ አሁን ግን ለምጄዋለሁ ይላል። ከዚያ ስለ እናቱ መቀለድ ይጀምራል። ለአልጋዋ ባል ሳታገኝ ለአንቀልባዋ ልጅ አገኘች ይላል። ቆንጆ ነበረች፣ ይህን ልጅ ስንሠራው ጥሩ ጨዋታ ነበር ይላል። ልጁንም እናቱን በሚያዋርድ ስድብ ይጠራዋል፤ እየሳቀ። ይህ ሁሉ ሲባል ልጁ ከሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ ቆሞ ይሰማል።

ከዓመታት በፊት ይህን ትዕይንት ተማሪዎቼን አለማምድ ነበር። ግሎስተርን የሚጫወተው ልጅ ድምፁ ያማረ ስለነበር ሁላችንም የምናየው እሱን ነው። ኤድመንድን የሚጫወተው ግን ጭንቅ ይዞታል። “መምህር፣ እዚህ ጋ እኔ ምን ላድርግ? ቃል የለኝም እኮ” አለኝ። ሌላ የምለው ስላጣሁ “ስማ” አልሁት። እንደገና ሲሠሩት፣ አባትየው ስለ እናቱ ሲቀልድ ልጁ እንደ መሳቅ አለ፤ ከከንፈሩ ያላለፈች ትንሽ ፈገግታ። ቀኝ እጁ ግን የሸሚዙን ቁልፍ ይዞ ያሽከረክራል። ቁልፉ ተበጥሶ መድረኩ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሣውና ኪሱ ከተተው፤ አባቱ አሁንም እያወራ ነው። እንዲህ አድርግ ብሎ ያሳየው ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤድመንድን ሳስብ ያ ቁልፍ ነው የሚታየኝ።

በዚያ ትዕይንት ኤድመንድ የሚናገረው ሦስት አጫጭር መልሶችን ብቻ ነው። ኬንትን ታውቀዋለህ ወይ ሲባል “አላውቃቸውም ጌታዬ” ይላል። ሲያስተዋውቁት “ለማገልገል ዝግጁ ነኝ” ይላል። ሦስተኛው ላይ ቆም በሉልኝ። ኬንት ጨዋ ሰው ነውና “ልወድህ ይገባኛል፣ ይበልጥ ላውቅህም እሻለሁ” ይለዋል። ኤድመንድም “የሚገባኝ ሆኜ ለመገኘት እጥራለሁ” ብሎ ይመልሳል። እወድሃለሁ ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ፣ ፍቅርህ በነጻ እንደማይሰጠኝ አውቃለሁ፣ ሠርቼ አገኘዋለሁ ነው። ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ልጅ ማለት ይህ ነው። አባቱ ግን ወዲያው ቀጥሎ፣ 9 ዓመት ውጭ ነበር፣ አሁንም ተመልሶ ይሄዳል ይላል። ልጁ ሊጥርበት የሚችልበት ቤት እንኳ የለውም። ኬንት ሊያውቀው ፈልጎ ነበር፤ ጊዜ አልተሰጣቸውም።

ለግሎስተር ፍትሕ ለመስጠት አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ንግግር ውስጥ፣ ሕጋዊው ልጄ በእኔ ዘንድ ከዚህ አይበልጥም ብሏል። እውነቱን ይመስለኛል። በልቡ ይወደዋል። ሲወደው ግን የሚያዋርደው አይመስለውም፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ልጁ አስቀድሞ ይጠነቀቀው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1681 ነሐም ቴት የተባለ አየርላንድ የተወለደ ጸሐፊ ይህን ተውኔት አሻሽዬዋለሁ ብሎ እንደገና ጻፈው። ኮርዴሊያን ከሞት አድኖ ከኤድጋር ጋር አጋባት፤ የእንግሊዝ መድረክም ከ150 ዓመት በላይ የቴትን ጽሑፍ ይዞ ቆየ። ቴት ያንን የአባትና የኬንት ጨዋታ አወጣው። የእሱ ተውኔት የሚከፈተው ኤድመንድ ብቻውን ቆሞ ተንኮሉን ሲናገር ነው። ኤድመንድን ከመነሻው ክፉ ማድረግ የፈለገ ሰው መጀመሪያ መቁረጥ የነበረበት የአባቱን ሳቅ ነበር። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ ደግሞ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ስለ ሼክስፒር ሲያስተምር፣ ልጁ ስለ እናቱ ከገዛ አባቱ አፍ የሚሰማውን ነገር ልብ በሉ ብሎ ነበር። እንግዲህ ጥብቅናውን የጀመርሁት እኔ አይደለሁም።

እኛ ከሃዲን ባንዳ እንላለን። ጣሊያን ከአገሬው ሰው እየመለመለ ያዘመተው ጦር መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ ለማንኛውም ከሃዲ እንለጥፈዋለን። ቃሉ ከወጣ በኋላ ጥያቄ አይከተልም። ቁስሉ ትኩስ ስለሆነ ይገባኛል። በተውኔት ውስጥ ግን የመጠየቅ ዕድል አለን፤ ማንም አይሞትብንም።

ወደ ሁለተኛው ትዕይንት ልለፍ። ኤድመንድ ብቻውን ይገባል፤ በእጁ በወንድሙ ስም የጻፈውን የሐሰት ደብዳቤ ይዟል። ተፈጥሮን አምላኬ አንቺ ነሽ ብሎ ይጠራታል። ለምን በልማድ ልታሰር? ከወንድሜ በ12 ወይም በ14 ወር ስላነስሁ? ዲቃላ ስለሆንሁ? አካሌ እንደ እሱ የተስተካከለ፣ አእምሮዬ እንደ እሱ የሰላ አይደለም ወይ? እያለ ይጠይቃል። ስድቡን ደጋግሞ ይለዋል። “ሕጋዊ” የሚለውንም ቃል እንዲሁ፤ አፉ ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ሰው ያገላብጠዋል። ዲቃላ የሚለውን ቃል እስቲ ዛሬ ማታ ብቻችሁን ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አምስት ጊዜ በሉት። ሦስተኛው ላይ አፋችሁ ይደርቃል። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የሰማው።

የጠየቀው ጥያቄ ደግሞ የሕግ ጥያቄ ነው። በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በላቲን “ፊሊየስ ኑሊየስ”፣ የማንም ልጅ፣ ይባል ነበር። አባቱን አይወርስም። በጋብቻ ቢወለድ እንኳ መሬቱ ለታላቁ ነው። ኤድመንድ በሁለቱም በኩል ተዘግቶበታል። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ኑዛዜ ሳይተው የሞተ አባቱን እንዲወርስ ሕግ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በእኛ አገር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ምላሳችን ግን ከሕጉ ብዙ ዘግይቷል።

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ትልቅ ግቢ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ መጣ። እንግዳ ሲመጣ ቡና የሚያድለው፣ ውኃ የሚያስታጥበው እሱ ነበር። “ይሄስ የማን ነው?” ሲባል “ከገጠር የመጣ ዘመድ ነው” ይላሉ። እንግዳው ልጁን ያያል፣ ጌትዮውን ያያል፣ ዝም ብሎ ስኒውን ያነሣል። ልጁ የጌትዮውን አፍንጫ ቁርጥ ይዞ ነበር። ለሁሉም የሚታየውን ነገር እሱ ብቻ እንዳላየ ሆኖ ማስታጠቢያውን ይዞ ይቆማል። ያ ልጅ ማንንም አልከዳም። አድጎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ጌትዮው ሲሞቱ ለቀብር መጥቶ ከድንኳኑ ዳር፣ ከጎረቤት ጋር ተቀመጠ። ኤድመንድን ባነበብሁ ቁጥር እሱን አስታውሳለሁ፤ ምን ያህል ነገር ዋጥ አድርጎ እንደኖረ።

የኤድመንድ ተንኮል ተሳካ። አባቱ ደብዳቤውን አነበበና ኤድጋር ሊገድለኝ ነው ብሎ አመነ። ኤድመንድ የገዛ ክንዱን በሰይፍ ቆርጦ ደሙን እያሳየ ወንድሜ አቆሰለኝ አለ። በዚህን ጊዜ ግሎስተር የሚናገረው ነገር፣ ለእኔ የተውኔቱ መራራ ዓረፍተ ነገር ነው። ታማኙ ልጄ፣ የተፈጥሮ ልጄ፣ ርስቴን እንድትወርስ መንገዱን እፈልግልሃለሁ ይላል። በእንግሊዝኛው “የተፈጥሮ ልጅ” ሁለት ነገር ነው፤ አባቱን ከልቡ የሚወድ ልጅም ነው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ነው። ስድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ምርቃት ሆነ።

ይህን ስታነቡ አይቆጫችሁም? መንገድ ነበረ ማለት ነው! ያ መስፍን ቢፈልግ ኖሮ መፈለግ የሚችለው መንገድ ሁሌም ነበረ። 9 ዓመት ልጁ ውጭ ሲቀመጥ፣ ከዚያም በፊት። ልጁ “የሚገባኝ ሆኜ ለመገኘት እጥራለሁ” ሲል ያልተከፈተው በር፣ ሲዋሽና ሲደማ ተከፈተ። ኤድመንድ ከዚህ ምን ይማራል?

ልጅን ዘግይቶ ልጄ ማለት በእኛም ታሪክ አለ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ሊሞቱ ሲሉ፣ የወንድማቸው ልጅ ሲባል የኖረውን መንገሻን የአብራኬ ክፋይ ነው ብለው አልጋቸውን ተናዘዙለት። በሞት አፍ ላይ የተነገረች ቃል ግን ዘውድ ልታስጭንለት አልቻለችም። የመንገሻ ሕይወት ከኤድመንድ ጋር አይመሳሰልም፤ ያቺ የዘገየች ቃል ብቻ ናት የምትመሳሰለው።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረደ ነገር ነው። ግሎስተር ጎነሪልና ሬገን ያባረሩትን ንጉሥ ሊርን ሊረዳ ሲወስን ምሥጢሩን ለኤድመንድ ያዋየዋል። ኤድመንድ ምሥጢሩን ለሬገን ባል ለኮርንዎል መስፍን ይሸጠዋል። ኮርንዎል የአባቱን ማዕረግ ይሰጠውና፣ ከእንግዲህ በእኔ ፍቅር ውስጥ የተሻለ አባት ታገኛለህ ይለዋል። ያ ጨካኝ ሰው የልጁ ጉድለት የት እንዳለ ከወላጅ አባቱ ይልቅ ያውቅ ነበር። መሬት ብቻ ሰጥቶ ማለፍ ይችል ነበር፤ አባትነት ጨመረበት። የግሎስተርን ዓይን ሊያወጡ ሲሉ ኤድመንድን ከቦታው አሰናበቱት፤ አላየም። አለማየቱ ግን ነጻ አያወጣውም፤ አሳልፎ የሰጠው እሱ ነው።

በጥያቄና መልስ ላይ አንዲት ወጣት ከባድ ነገር አነሣችልኝ፤ እዚህ ላይ ባስገባው ይሻላል። “ኮርዴሊያም ተባርራለች፣ ኤድጋርም ተባሯል። ሁለቱም ግን ወደ አባቶቻቸው ተመልሰው ረዷቸው። እሱ ለምን ይለያል?” አለችኝ። እውነት ነው። ኮርዴሊያ ጦር ይዛ ባሕር ተሻግራ ላባረራት አባቷ መጣች። ኤድጋር ዓይኑ የጠፋውን አባቱን እጁን ይዞ መራው። ሁለቱም ግን የተባረሩት መጀመሪያ ተወደው ነው። ሊር ኮርዴሊያን ከሁሉ አብልጬ የምወድ ነበርሁ ብሏል። ግሎስተርም ኤድጋርን ከልቡ እንደሚወደው ተናግሯል። አንድ ጊዜ በሙሉ ልብ የተወደደ ሰው ስንቅ አለው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ከዚያ እየቆነጠረ ይኖራል፣ ተርፎትም ይቅር ይላል። ኤድመንድ ስንቅ አልነበረውም። ይህ ክህደቱን ትክክል አያደርገውም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ግን ይነግረናል።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ፤ ይህ ሰው ምን ሊሆን ይችል ነበር? በተውኔቱ ውስጥ የሰውን ልብ እንደ እሱ የሚያነብ የለም። ጦር መርቶ ድል አድርጓል፤ ጠላቱ የሆነው የጎነሪል ባል፣ የአልባኒ መስፍን እንኳ ጀግንነቱን መስክሮለታል። መጨረሻ ላይ ፊቱን የሸፈነ ያልታወቀ ፈረሰኛ ሲገጥመው፣ በሕጉ ስሙን ካልተናገረ አልገጥምም ማለት ይችል ነበር፤ ናቀውና ገጠመ። አባቱ የመከራውን ሰበብ በፀሐይና በጨረቃ ግርዶሽ ሲያላክክ፣ የሰው ልጅ የራሱን ጥፋት በከዋክብት ላይ መጫኑ ምን ያህል የሚያስገርም ማምለጫ ነው የሚለው እሱ ነው። የእኔንም ጥብቅና ቢሰማ እምቢ ይለኝ ይሆናል። በየትኛውም ኮከብ ሥር ብወለድ ያው እኔ ነኝ ብሏልና።

መጽሐፈ መሳፍንትን የምታውቁ፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ልጆች እዚያ ተከታትለው ታገኛላችሁ። በምዕራፍ 9 የቁባት ልጅ የነበረው አቤሜሌክ 70 ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ አርዶ ነገሠ። በምዕራፍ 11 ደግሞ ዮፍታሔ አለ። እናቱ ጋለሞታ ነበረች። ወንድሞቹ፣ አንተ የሌላ ሴት ልጅ ነህና በአባታችን ቤት አትወርስም ብለው አሳደዱት። የአሞን ልጆች ጦር ሲመጣባቸው ግን የገለዓድ ሽማግሎች ሄደው፣ ና አለቃ ሁነን አሉት። ዮፍታሔም፣ የጠላችሁኝ ከአባቴም ቤት ያሳደዳችሁኝ እናንተ አይደላችሁምን? ስለምን አሁን በተጨነቃችሁ ጊዜ ወደ እኔ መጣችሁ? አላቸው። ይህን ከተናገረ በኋላ አብሯቸው ሄደ፤ ሕዝቡንም አዳነ። ሕይወቱ ያለ መከራ አልቀረም፤ የልጁን ነገር ታውቁታላችሁ። ግን ያችን ጥያቄ ፊት ለፊት መጠየቅ ችሏል፣ የሚሰሙት ሽማግሎችም ነበሩት። ኤድመንድ የዮፍታሔን ጥያቄ ይዞ ነው የተወለደው። የሚጠይቀው ሰው አላገኘምና ብቻውን ቆሞ ተፈጥሮን ጠየቃት። ወደ አቤሜሌክ መንገድ የወሰደው ያ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ትዕይንት። ያልታወቀው ፈረሰኛ ኤድጋር ነው። ኤድመንድ ቆስሎ ወድቋል። ኤድጋር ማንነቱን ይገልጥና አባታቸውን ይወቅሳል፤ አንተን የወለደበት ያ የጨለማ ሥፍራ ዓይኖቹን አስከፈለው ይላል። ያ “የጨለማ ሥፍራ” የኤድመንድ እናት ናት። ስሟ በተውኔቱ ውስጥ አንዴም አልተጠራም። በመጀመሪያው ገጽ አባትየው ሳቀባት፣ በመጨረሻው ገጽ ጥሩው ወንድም ረገማት። ኤድመንድ እውነት ብለሃል ይላል።

ከዚያ ኤድጋር ዓይነ ስውሩን አባታቸውን እንዴት እንደመራው፣ እንዴት እንደለመነለት፣ ልቡ በደስታና በሐዘን መካከል ተሰንጥቆ ፈገግ እያለ እንዴት እንደሞተ ይተርካል። ኤድመንድ ይሰማል። እንደ መጀመሪያው ቀን፣ አሁንም ስለ አባቱ ሲወራ ቆሞ ሳይሆን ወድቆ ይሰማል። ንግግርህ ልቤን ነክቶታል፣ ምናልባት መልካም ያስከትል ይሆናል፣ ቀጥል፣ ገና የምትለው ያለህ ትመስላለህ ይላል። ጦሯን ድል አድርጎ ያሰራት ኮርዴሊያ እንድትታነቅ ያዘዘው ትእዛዝ እስር ቤት ደርሷል። እያንዳንዷ ደቂቃ ነፍስ ናት። እሱ ግን ስለ አባቱ ተጨማሪ መስማት ፈለገ።

የጎነሪልና የሬገን አስከሬን ይመጣል። ሁለቱም እሱን ወድደው ነበር፤ አንዷ ሌላዋን መርዛ ራሷን ገድላለች። ኤድመንድ እያያቸው “ኤድመንድ ግን ተወድዶ ነበር” ይላል። ብዙ ተዋንያን ይህን በትዕቢት ይሉታል። እኔ ተማሪዎቼን ቀስ ብላችሁ በሉት፣ እንደ ማስረጃ በሉት እላቸዋለሁ፤ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የነበረውን ወረቀት አሁን በእጁ ይዟል፤ ወረቀቱ ደም ነክቶታል እንጂ።

ይህን ካለ በኋላ ነው ትንፋሽ እያጠረው፣ ከተፈጥሮዬ ውጭ ቢሆንም አንድ መልካም ነገር ልሥራ የሚለው። በመጀመሪያው ንግግሩ አምላኬ ያላት ተፈጥሮ፣ አሁን አልፋት የሚላት አጥር ሆናለች። ክፉ ነህ ያሉትን አምኖ ኖሮ፣ የመጨረሻዋን ደግነቱን እንኳ የራሱ እንዳልሆነች ቆጠራት። ትእዛዙን ያስቆም ዘንድ ፈጥናችሁ ላኩ ይላል። መልእክተኛው እንዲታመን ሰይፌን ውሰዱ ይላል። ሰይፉን ይዘው ይሮጣሉ።

ሊር ኮርዴሊያን በክንዱ ታቅፎ ይገባል። ሞታለች።

ኤድመንድን ቀድመው ተሸክመው አውጥተውታል። ጥቂት ቆይቶ መልእክተኛ ገብቶ፣ ጌታዬ፣ ኤድመንድ ሞቷል ይላል። የአልባኒ መስፍን ዞር ብሎም አያይም። ይሄ እዚህ ምንም አይደለም ይላል።